ወደ ምጽዋ የወረደው ማን ነበር?

የኢትዮጵያን ታሪክ በውጭ አገር መንገደኞች መጻሕፍት የተማረ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። መጽሐፉን ፖርቱጋላዊ ይጻፈው እስኮትላንዳዊ፣ ፈረንሳዊ ይጻፈው ጀርመናዊ፣ ገና ከመግቢያው ብዙ ሳይርቅ መርከብ ይቆማል፤ ደሴት ይታያል፤ ስለ ሙቀት ይማረራል፤ ቀረጥ ይጠየቃል። ያቺ ደሴት ምጽዋ ናት። መንገደኛው ከዚያ ተነሥቶ ዳገቱን ይወጣል፣ ትግራይን ያቋርጣል፣ ጎንደር ይገባል። ከጎንደርስ ወዴት? ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ የሚመኙት ቦታ ነበራቸው፤ የዓባይ ምንጭ። የዓባይ ምንጭ ደግሞ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው፤ ከአዲስ ቅዳም በስተምሥራቅ ያለ ደጋ፣ የእኛ ጎረቤት።

ከአዲስ ቅዳም፣ ከዳንግላና ከእንጅባራ መጥተን እዚህ ግቢ የተገናኘን ተማሪዎች ይህን ነገር ስንወያይበት ሰንብተናል። ያገራችን ሰው ስለ ባሕር ሲነሣ «እኛና ባሕር ምን አገናኘን?» ይላል። እውነቱን ነው፤ ደገኞች ነን። ገብስና ድንች እናመርታለን፣ ፈረስ እንወዳለን፣ አሁን አሁን ደግሞ ዲከረንስ ተክለን ከሰል አክስለን በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ እንልካለን። ባሕር ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ጣና ነው። ይሁን እንጂ ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ ለለካ ሰው ከአዲስ ቅዳም እስከ ምጽዋ በቀጥታ መስመር 600 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጅቡቲ ከዚያ ይርቃል። መንገዱ አንድ ነበር፤ አንደኛው ጫፉ ምጽዋ፣ ሌላኛው ጫፉ የእኛ ደጃፍ። ከዚያ ወደዚህ የመጣውን ሰው በስም እናውቀዋለን፣ የተወለደበትን ቀን ሳይቀር ለፈተና እንሸመድዳለን። ከዚህ ወደዚያ የወረደውስ ማን ነበር? ምንስ ተሸክሞ ነበር? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ነው። (ዘመናቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጠናቸዋል፤ ጽሑፎቹ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ አንባቢ ሲያመሳክር እንዳይቸገር ብለን ነው።)

በመጀመሪያ ስለ ከተማዋ ጥቂት እንበል። የድሮ ስሟ ባጽዕ ነው። ከየብሱ እምብዛም የማትርቅ ትንሽ የዛጎል ድንጋይ ደሴት ናት፤ ቤቶቿም የተሠሩት ከዚያው ከባሕር በወጣ ድንጋይ ነው። ደሴቲቱን ከጣውሎድ፣ ጣውሎድንም ከየብስ ጋር ያያያዘው የድንጋይ መተላለፊያ የተሠራው በ1870ዎቹ፣ ግብጾች ከተማዋን በያዙበትና ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊስ በገዥነት በተቀመጠበት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ እንግዳ ሁሉ በጀልባ ይሻገር ነበር። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ያህል ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ፣ እኛ ጋቢ ደርበን እሳት ዳር በምንቀመጥበት ወራት፣ ከ40 ያልፋል። ዝናቧም የሚዘንበው በእኛ በጋ ነው፤ እሱም እፍኝ አይሞላም። ስለዚህ የምጽዋ ትልቁ ጉዳይ ወርቅም ዝሆን ጥርስም አልነበረም፤ ውኃ ነበር። የዝናብ ውኃ በጉድጓድ ይጠራቀማል፤ ያ ሲያልቅ ከየብስ፣ ከሕርጊጎና ከእምኩሉ በኩል በቆዳ እየተሞላ ይመጣል። የሚጠጣውን ውኃ ከሌላ የሚገዛ ከተማ ማንንም ገፍቶ ሊያስወጣ አይችልም፤ የየብሱንም ሰው ደስ ማሰኘት አለበት።

ይህን የተረዱት የሕርጊጎ ናይቦች ነበሩ። ቱርኮች በ1557 ምጽዋን ይዘው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የአካባቢውን የበለው ተወላጆች ቤተሰብ «ናይብ» ማለት ምክትል ብለው ሾመው ነገሩን ለእነሱ ተዉት። ናይቡ በአንድ እጁ የባሕሩን በር፣ በሌላ እጁ የዳገቱን መንገድ ይዞ ተቀመጠ። ከባሕር የመጣ መንገደኛ ለናይቡ ሳይከፍል አንድ እርምጃ አይራመድም፤ ከደጋ የወረደ ነጋዴም እንዲሁ። መንገደኞቹ በመጻሕፍታቸው ናይቡን ሲረግሙት ገጽ ይፈጃሉ። እኛ ግን ስናነበው አንዳንዴ ሳቃችን ይመጣል፤ ሰውየው ሥራውን ነው የሠራው፤ የእኛዎቹ መሳፍንት በየተራራው ጫፍ በተከሉት ኬላ ያደርጉት ከነበረው የተለየ ነገር አላደረገም።

የመንገደኞቹን ዝርዝር ማብዛት አንፈልግም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ከነቄሳቸው ከፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጋር ሲደርሱ የደሴቲቱ ሰው መርከቦቹን አይቶ ወደ የብስ ሸሽቶ ባዶ ከተማ ጠበቃቸው። በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደር ይዞ በዚያው በር ገባ፤ በተከታዩ ዓመት ሞተ። ፔድሮ ፓኤዝ በመጀመሪያ ሙከራው ተማርኮ በየመን ወደ ሰባት ዓመት ከታሰረ በኋላ በ1603 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1618 ሚያዝያ ውስጥ ከንጉሥ ሱስንዮስ ጋር ሳለ ግሽ ዓባይን አየ። ጽሑፉ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሙሉ ሳይታተም ቆየ። በዚህ የተነሣ ዝናውን የወሰደው ከእሱ በኋላ 150 ዓመት ቆይቶ የመጣው ጀምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ ላይ ትንሽ እንቆይ። በ1769 መስከረም ውስጥ ምጽዋ ደረሰ። ናይቡ ገንዘብ ጠየቀው፤ ብሩስ እምቢ አለ፤ ሁለት ወር ያህል ሲጨቃጨቁ ከረሙ። በመጨረሻ በናይቡ ዘመድ ወዳጅነትና የራስ ሚካኤል ስሑል ስም ባስከተለው ፍርሃት ተለቀቀ። በ1770 የካቲት ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ግሽ ደረሰ። እንደ ጻፈው ከሆነ የአገሩ ሰው ምንጩን ስለሚያከብር ጫማህን አውልቅ ተባለ፤ በባዶ እግሩ ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ከምንጩም ቀድቶ ለንጉሡ ጤና ጠጣ። የፓኤዝን መድረስ ለማስተባበል ብዙ ቀለም አፈሰሰ። አብሮት ስለ ነበረው፣ ሥዕሎቹንም ስለ ሠራለት ሉዊጂ ባሉጋኒ ስለሚባለው ጣሊያናዊ ግን መጽሐፉ ዝም ይላል ማለት ይቻላል። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። እንግዲህ ብሩስ አብሮት የበላውንና የጠጣውን፣ እንደ እሱ አውሮፓዊ የሆነውን ሰው እንዲህ ከረሳ፣ ጓዙን የተሸከመለትን፣ በቅሎውን የነዳለትን ያገራችንን ሰው በስም ይጽፈዋል ብለን ስንጠብቅ ሞኞች እኛ ነን።

ይሁን እንጂ ብሩስ ሳያስበው ጠቅሞናል። ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ (1790) ውስጥ ስለ አገው ምድር የጻፈውን ገጽ እኛ እንደ ቤታችን ደብዳቤ ነው የምናነበው። አገዎች ማር፣ ሰም፣ ቅቤና ከብት ወደ ጎንደር እንደሚያመጡ፣ በአንድ ጊዜ ሺህና ከዚያ በላይ ሆነው ተራ በተራ እንደሚገቡ፣ ያለ እነሱም ከተማው እንደሚቸገር ይናገራል። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ይነሣበታል። ይህ ሁሉ ቀን ተጉዞ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ቅቤው ለምን አይቀልጥም? መልሱን ሰዎቹ ነገሩት። ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር አለ፤ ይወቀጣል፤ ከቅቤው ጋር ይቀላቀላል፤ ቅቤው ይጠነክራል፣ አይበላሽም። የሥሩ ስም መቅመቆ ነው።

መቅመቆን የማያውቅ የእኛ አገር ልጅ የለም። እናቶቻችን ዛሬም ቅቤ ሲያነጥሩ ያውቁበታል፤ ለሆድ ቁርጠትም ይታኘካል። አንድ መንገደኛ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ ተራራና በረሃ አቋርጦ፣ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ ብሎ ዓለምን ሊያስደንቅ ሄደ፤ እኛ ከእርሱ መጽሐፍ ያገኘነው ትልቁ ነገር ግን መቅመቆ ነው። ምክንያቱም ቅቤውን ለረጅም መንገድ ማሰናዳት የሚያውቅ ሕዝብ ረጅም መንገድ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ለጎረቤት ገበያ የሚሸጥ ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ ያን ያህል አይታሰብለትም።

የእኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎንደር ላይ ይቆማሉ። ከጎንደር ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ ነው፤ በብዛትም ጀበርቲ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የነበረው ትልቁ የንግድ መሥመር ከግቤ አገሮች ይነሣና ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ባሶ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ዓድዋ፣ ከዓድዋ ወደ ምጽዋ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ባሶ ገበያ አጠገብ የጁቤ ተቀምጦ የገበያውን ሸቀጥ አንድ በአንድ መዝግቧል። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ከጥርኝ የሚወጣው ዝባድ፣ ሰም፣ ይህ ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከባሕር ምን ይመጣል? የህንድ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ መስተዋት፣ ኩል፣ ለማተብ የሚሆን ሰማያዊ የሐር ክር፣ እና ብር።

እዚህ ላይ ማተቡንና ብሩን ነገሬ ሳንል ማለፍ አይገባም። ማተብ ያለ ክርስቲያን የለም፤ ማተብ የእኛነታችን ምልክት ነው እንላለን። ክሩ ግን በእስላም ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ፣ ለእስላም ናይብ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ብሩም እንደዚሁ። በአያቶቻችን ሣጥን የሚገኘው፣ ለሙሽራ አንገት የሚንጠለጠለው ማርትሬዛ በኦስትሪያ የተመታ፣ 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት፣ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት እየተመታ የቀጠለ ገንዘብ ነው፤ ወደ ሰሜኑ አገራችን ከገባባቸው ዋና በሮች አንዷ ምጽዋ ነበረች። አሞሌው ብቻ ነው ከባሕር ያልመጣ፤ እሱም ከአፋር በረሃ። በአዲስ ቅዳም ገበያ ማር ሸጣ ማርትሬዛ የተቀበለች ሴት ባሕር አይታ አታውቅ ይሆናል፤ ባሕሩ ግን እጇ ላይ ነበር።

የሲራራው ጉዞ ቀላል አልነበረም። ክረምት ሲገባ ተከዜ ይሞላል፤ ነጋዴው ካላለፈ ወራት ሙሉ ይቆማል። ሽፍታ አለ፤ ስለዚህ በነጋድራስ ሥር ተሰብስቦ ይጓዛል። ከሁሉ የከፋው ኬላው ነው። እያንዳንዱ ባላባት በየበሩ ቀረጥ ይቆርጣል፤ ነጋዴው ሲጫን ከነበረው እየተቀነሰ፣ እየተፈታ እየተቆጠረ ይወርዳል። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ (1968) ሲጽፉ ስለ ኬላ የሰበሰቡትን ያነበበ ሰው፣ አገራችን ለምን በንግድ አልበለጸገችም ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከባሕር ማዶ ብቻ አይፈልግም።

እና ይህ ነጋዴ በመጨረሻ ምጽዋ ይደርሳል። ደገኛ ነው፤ ቆዳው ሙቀት አያውቅም። ውኃ በገንዘብ ሲሸጥ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል። ዓሣ እየበላ የሚኖር ሕዝብ ያያል። ውኃው ጨው የሆነ፣ ማዶው የማይታይ ነገር ፊት ይቆማል። ምን ተሰማው? መንገደኞቹ ስለ ሙቀቱ የጻፉትን አንድ ላይ ብናስረው የጭነት በቅሎ ይጎብጣል፤ ስለዚህ ነጋዴ ስሜት ግን አንድ ገጽ አላገኘንም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሻገሩ መነኮሳትና ምእመናንም በዚያው በር ይወጡ ነበር፤ በ1841 አቡነ ሰላማ ከግብፅ ሲመጡ በዚያው በር ነው የገቡት። ባሕሩን ያየ የእኛ ሰው እንግዲህ ጥቂት አልነበረም። አልጻፈም እንጂ።

ሌላ ወደ ባሕሩ የወረደ አለ፤ ስለ እሱ ስንጽፍ ብዕራችን ይከብደናል። በባሶ ገበያ ከቡናው አጠገብ ሰው ይሸጥ ነበር። ከግቤ፣ ከግቤም ወዲያ ካለው አገር የተነጠቁ፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር በአንድ መንገድ ይነዱ ነበር። ፈረንጁ መንገደኛ ምጽዋን ሲደርስ ጉዞው የጀመረ መስሎት ደስ ይለዋል፤ እነዚህ ልጆች ግን ምጽዋን ሲያዩ አገራቸው አለቀች ማለት ነው። ከዚያ በጀልባ ወደ ጂዳ፣ ወደ ዓረብ አገር።

በዚህ መንገድ ከወረዱት ውስጥ አንዱ ተመልሶ ጻፈ። ኢሉባቦር ውስጥ የተወለደ ሂካ የሚባል የኦሮሞ ልጅ ገና በሕፃንነቱ ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ እምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጠው። በ1872 ተጠመቀ፤ ስሙም ኦኔሲሞስ ነሲብ ተባለ። ይህ ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1893 እዚያው እምኩሉ፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ባሪያ ሆና በመርከብ ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሎ ምጽዋ ያመጣት ናት። የተረቱን፣ የምሳሌውን፣ የቃሉን ሀብት ከአእምሮዋ አውጥታ በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መሠረት ጣለች። እንደ ሸቀጥ በወረዱበት ወደብ ላይ ቋንቋቸውን በማተሚያ መኪና አስገቡት። በምጽዋ ስላለፉት እንግዶች የሚያስተምሩን መምህራን ከብሩስ ቀጥለው እነዚህን ሁለቱን ቢጠሩልን ደስ ይለን ነበር።

አገራችንስ? የአገው ምድር በዚህ ንግድ ውስጥ ተመልካች ብቻ ነበር ብለን ብንጽፍ የሚያምነን ቢኖር እንኳ እኛ ራሳችንን አናምንም። ከደጋው በታች በምዕራብ በኩል፣ በመተከል ቆላ፣ ጉሙዝ ጎረቤቶቻችን አሉ። ከደጋው እየወረደ የዘረፋቸው፣ ልጆቻቸውን የነጠቀ፣ በግብር ስም ሰው ያስቆጠረ ጌታ ከሩቅ አልመጣም፤ ከእኛው ከደጋው ነው። አብዱሰመድ አህመድ የሚባሉት የታሪክ ምሁር በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ስለ ነበረው የባሪያ ንግድ በዝርዝር ጽፈዋል። ማለትም ነገሩ የጥንት የጠዋት ታሪክ አይደለም፤ የአያቶቻችን ወላጆች ያዩት ነው። ያኔ የተሸጠው ሰው በአብዛኛው የሄደው ወደ ሱዳን ወይም እዚያው ወደ ደጋው ጌቶች ቤት ነው እንጂ ወደ ምጽዋ አይደለም፤ የምጽዋ በር በዚያን ጊዜ ለዚህ ንግድ ተዘግቶ ነበር። ይህ ግን ጥፋቱን አይቀንሰውም። እኛ ስለ ሰባት ቤት አገው፣ ስለ ፈረሰኛው፣ ስለ ዓድዋ በኩራት እንናገራለን፤ እሰየው። የጉሙዝ ተማሪ አጠገባችን ተቀምጦ ሲሰማን ግን ምን እንደሚያስብ አንጠይቀውም።

ወደ ወደቡ እንመለስ፤ የሚቀጥለውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። በጉንደትና በጉራዕ (1875 እና 1876) ግብጾች ከተሸነፉ በኋላ በ1884 ሰኔ ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ዓድዋ ላይ ውል ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት በምጽዋ በኩል የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተፈቀደ። ነጋዴው «ተገላገልን» ሳይል አልቀረም። ስምንት ወር ብቻ ነው የቆየው፤ በ1885 የካቲት 5 ቀን ጣሊያን እንግሊዝ እያየ ምጽዋ ላይ ባንዲራውን ሰቀለ። ከዚያ በ1887 ዶጋሊ፣ በ1896 ዓድዋ፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላውን ነው። ጣሊያን ለጦሩ ቀለብ በመርከብ ባስመጣቸው ከብቶች የከብት በሽታ በ1887 ግድም በምጽዋ በኩል ገባ። በሽታው ኬላ አይከፍልም፤ ተከዜ ሞላ ብሎም አይቆምም። አገሩን ሁሉ አዳርሶ በአንዳንድ ሥፍራ ከ10 ከብት 9ኙን ፈጀ። በሬ የለም፣ እርሻ የለም፤ ላይ በላዩ አንበጣና ድርቅ ተጨመረ። እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ይህ ነው። ማር፣ ቅቤና ከብት ጎንደርን ይቀልብ የነበረ አገር፣ እንዲህ ያለ አገር ከብቱ ሲያልቅ ምን እንደሚቀረው አንባቢ ይገምት። ምጽዋ ሄዶ የማያውቅ ገበሬ ምጽዋ ራሷ በረቱ ድረስ መጣችበት።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ እየላላ ሄደ። ጣሊያን የባቡር ሐዲዱን ከምጽዋ አሥመራ በ1911 አደረሰ፤ በ1937 ደግሞ በዘመኑ ከዓለም ረጅሙ ተብሎ የተነገረለትን 70 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የአየር ላይ ሽቦ መንገድ ሠራ። ነገር ግን ሐዲዱ አሥመራን እንጂ ጎንደርን አላገኘም። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የአገሩ ንግድ ፊቱን አዞረ። የእኛ አካባቢ ደግሞ ወደ መተማና ወደ ሱዳን ተጠጋ፤ እንግሊዞች ከ1925 ጀምሮ ሜጀር ቺዝማንን ቆንሲል አድርገው ዳንግላ ላይ ያስቀመጡት ለሌላ ሳይሆን ለዚሁ ድንበርና ለጣና ውኃ ብለው ነው። በ1935 ምጽዋ እንደገና ሕይወት ዘራች፤ የዘራችው ግን ሞት ነው፤ አገራችንን የወረረው ጦር ታንኩና መርዙ የተራገፈው እዚያ ነበር። በ1941 ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም አርበኞች ጋር ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ምጽዋ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች። የአንዱ መንገድ ሁለት ጫፎች በአንድ ሳምንት ተለቀቁ ማለት ነው።

ከ1952ቱ ፌዴሬሽን በኋላ ምጽዋ የባሕር ኃይሉ ጣቢያ ሆነች። ነጋዴው ሳይሆን ወታደሩ ወረደ። ከመንደራችን «ምጽዋን አየሁ» የሚል ሽማግሌ ዛሬ ብናገኝ አብዛኛውን ጊዜ በወታደርነት የሄደ ነው፤ ስለ ባሕሩ ስንጠይቀውም ስለ ባሕሩ አይነግረንም። በ1990 የካቲት ከተማዋ ከከባድ ውጊያ በኋላ በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ገባች፤ ከዚያም በአየር ተደበደበች፤ እነዚያ የዛጎል ድንጋይ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። ከሁለቱም ወገን የሞተው ሰው ልጅ ነበር፤ እናት ነበረው። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ሆነች። በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ። በ2018 መሪዎቹ ታረቁ፣ የየብስ በሮች ተከፈቱ፣ ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ፤ ብዙም ሳይቆይ በሮቹ እንደገና ተዘጉ።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ወደቡ የማን ነው የሚለው ክርክር ውስጥ ለመግባት አይደለም። ምጽዋ የኤርትራ ከተማ ናት፤ ባለቤት አላት። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ መንገድ የሄደው የእኛ ሰው የት ገባ? በመጻሕፍት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ብሩስ አለ፤ ከምጽዋ በ1838 ተነሥቶ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ጎጃም የኖረው አርኖ ዳባዲ አለ፤ ቢክ አለ፤ ቺዝማን አለ። ለምርምር ሥራ ርዕስ ምረጡ ስንባል አብዛኞቻችን ከእነዚህ አንዱን እንመርጣለን፤ ተጽፎ ያለቀ ነውና ይቀልላል።

ስለዚህ ከዚህ ቡለቲን ዝግጅት ክፍል ጋር ተነጋግረን አንድ ነገር አስበናል። በመጪው ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ ሁሉ፣ ከአዊም ይሁን ከጎንደር፣ ከሸዋም ይሁን ከመተከል፣ አያቶቹን ሦስት ነገር ይጠይቅልን። ከቤተሰቡ ሲራራ የነገደ ማን ነበር፣ እስከ የት ደረሰ? ሣጥን ውስጥ ያለው ማርትሬዛ በማን እጅ፣ ምን ተሸጦ ተገኘ? ሦስተኛውን ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌው ብቻውን ሲሆን ይጠይቅ፤ በቤቱ ተገዝቶ የመጣ ሰው ነበር ወይ፣ ስሙስ ማን ይባል ነበር? የመጣውን መልስ በነጠላ ወረቀት፣ በአንድ ገጽ ብቻ፣ በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ይስጥ። የሰዎቹን ስም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አንጽፍም፤ የባሪያውን ስም ግን ከተገኘ እንጽፋለን።